ግሪስ የሚበላው ፈረስ

እንጅባራ የፈረስ አገር ናት። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ከየወረዳው የሚጎርፈውን፣ ከግንባሩ እስከ ጭራው በጌጥ የተሽሞነሞነውን ፈረስ አንዴ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ለዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። እንዲህ ባለ አገር በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው ጠያቂ አያጣም። ከገበያ የሚመለሱ አንድ አዛውንት ፈረሳቸው ላይ ሆነው፣ እኔ ብስክሌቴ ላይ ሆኜ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ትንሽ እንደሄድን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይበላል?» አሉኝ።

«ግሪስ ነው አባቴ የሚበላው» አልኳቸው።

«እንግዲያ አብላው። ያልበላ ከብት ዳገት አይወጣም» ብለው ፈረሳቸውን ነካ አደረጉና ቀደሙኝ።

ንግግራቸው ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ከብስክሌት አካል ሁሉ እኔ የምወደው ግሪስ የሚበላውን ነው። የጎማው እምብርት፣ ባለጋራዦች ሞዞ የሚሉት። ራጂዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት፣ ዘንጉ መሐል ለመሐል የሚያልፍበት፣ ኩሽኔታዎቹ ተደብቀው የሚሽከረከሩበት። የጋላቢው ክብደት፣ የመንገዱ ድንጋይና የእግር ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የተራራ ብስክሌት ሞዞዎች ልቤን ይወስዱታል። የተራራ ብስክሌት ገና ቅርጹ ያልጸናበት ዘመን ነበርና እያንዳንዱ ሠሪ ጭቃን፣ ውሃንና ድንጋይን በራሱ ዘዴ ሊያሸንፍ ይታገል ነበር። አንዳንዱ ተሳካለት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከነሐሳቡ ቀረ። የቀሩትንም እወዳቸዋለሁ።

የያዝኩት የአክስቴን ልጅ ብስክሌት ነው። ከውጭ የመጣ፣ የብረት ፍሬም ያለው፣ ከኋላ ባለ ሰባት ማርሽ የሆነ የድሮ ዕቃ። ለዘመድ ጥየቃ እንጅባራ መሄዴን ሲሰማ «ቤት ቆሞ ከሚዝግ ወስደህ ዘንገናን አሳየው» አለኝ። ሐሳቤ ዘንገናን አይቼ ወደ ጥርባ፣ ወደ ሌላው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ ለመቀጠል ነበር።

ከከተማዋ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሲወጣ በየዳሩ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የድንች ማሳ፣ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ አገሬው ለከሰል የሚያለማው የዲከረንስ ግራር ጥቅጥቅ ብሎ ይቀበልሃል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነውና ሳንባው ያልለመደ ሰው ዳገቱ ትንሽም ቢሆን ይሰማዋል። ዘንገና ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ገባ ሲሉ፣ ምድር ተሰንጥቃ ያጠራቀመችው ያ ክብ ውሃ ከደኑ መሐል ብቅ ይላል። ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው ይባላል፤ ዳርቻው ላይ ቆሞ የጠቆረውን ውሃ ላየ ሰው ለማመን አይከብድም። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ ፈረሶች ከዳር ይግጣሉ።

ጉዱ የመጣው ከሐይቁ ስመለስ ነው። በአፋፉ ዙሪያ የሚሄደው የእግር መንገድ ላይ የዛፍ ሥርና ድንጋይ ተቀላቅሏል። አንዲት ያፈጠጠች ድንጋይ ላይ የኋላው ጎማ ወጥቶ ሲወርድ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት አይደለም፤ አጭርና ብረት ብረት የሚል ነው። ትንሽ ቆይቶ ጎማው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ፍሬሙን ይፈገፍግ ጀመር። ወርጄ በእጄ ነቀነቅሁት፤ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ራጂዎቹን ስዳስስ ደግሞ በሰንሰለቱ በኩል አንዷ ከአንገቷ ተቆርጣ ተንጠልጥላለች።

ዘንጉ እንደተሰበረ ወዲያው ገባኝ። የሚገርመው ጎማው ከቦታው አለመውጣቱ ነው። የዚህ ዓይነት ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ በመሐሉ ቀጭን ብረት ያልፋል፣ በአንድ በኩል እጀታ አለው፣ እጀታውን አጥፈህ ትቆልፈዋለህ። ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ ለውድድር ብስክሌት የሠራው ዘዴ ነው፤ ጎማ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ እንዲፈታ። ይህች ቀጭን ብረት ሁለት ቦታ የተቆረጠውን ዘንግ ግራና ቀኝ ጨምቃ ይዛ እኔን ከመሬት አዳነችኝ። ለተወዳዳሪ ፍጥነት ተብላ የተሠራች ነገር ዘንገና ዳር ለሌላ አገልግሎት ዋለች።

ሰማዩ ደግሞ ጊዜ አልሰጠም። አዊ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ደመና ከተሰበሰበ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ዶፉ ወረደ፤ ቀዩ አፈር ወዲያው ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬሙ መሐል ገብቶ ተጠቀጠቀና ብስክሌቱ አልገፋም አለ። የኋላውን ጎማ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የፊቱን እየነዳሁ አስፋልት ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኛለሁ።

ያነሳኝ ድንች ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባ ባለጋሪ ነው። ብስክሌቱን ከጆንያዎቹ በላይ አጋድመን አሰርነው። ወጣቱ ባለጋሪ የተሰበረብኝን ነገር ሲሰማ «ዘንግ? የኔ እኮ ድንች፣ ሰው፣ አንዳንዴም ብሎኬት ይጭናል፤ አንድ ቀን ዘንግ ሰብሮብኝ አያውቅም» አለኝ። ጎንበስ ብዬ የጋሪውን ጎማ አየሁት። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ሞዞ ነው። ኩሽኔታው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ ጫፍ፣ አንዱ ከውጭ ጫፍ፣ በዳዶ ተጠብቆ ዳዶው በኮፒሊያ ተቆልፏል። ጭነቱ ሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያርፋል እንጂ ከሁለቱ ውጭ ብቻውን የሚንጠለጠል የለም። ጋሪው እየተንገጫገጨ፣ እኔ ያንን ሞዞ እያየሁ፣ የእኔ ዘንግ ለምን እንደተሰበረ ከድንች ጆንያ ላይ ሆኜ ለባለጋሪው አስረዳው ጀመር። በጥሞና ሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው አሠራር የኋላ ጥርሶቹ ፍሪዊል በሚባል ክፍል ላይ ሆነው ሞዞው ላይ በጥምዝ ይታሰራሉ። የቀኙ ኩሽኔታ ያለው ከፍሪዊሉ ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኩሽኔታው እስከ ፍሬሙ ድረስ ያለው የዘንጉ ክፍል ደጋፊ የለውም። ጥርሶቹ አምስት ሳሉ ይህ ክፍል አጭር ነበርና ዘንጉ ይችለው ነበር። ስድስት ሲሆኑ ረዘመ። ሰባት ሲሆኑና ብስክሌቱም ተራራ ላይ መዝለል ሲጀምር ዘንጉ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይሰበራል። የእኔም የተሰበረው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ዘንጉ ላይ ተጠምዞ የኩሽኔታውን ኳሶች ከሚይዘው ከኮኑ ሥር።

መድኃኒቱ የታወቀው ቀድሞ ነው። እንግሊዞቹ ቤይሊስ ዋይሊ እ.ኤ.አ. በ1938 ፍሪዊሉን ከሞዞው ጋር አንድ አካል አድርገው ሠርተው ነበር። ገበያው ግን አልተከተላቸውም። እንደገና መጥቶ ዓለምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ሺማኖ በዱራ ኤስ ኢ ኤክስ ዕቃው ላይ ፍሪሐብ የሚለውን ሲያወጣ ነው። የቀኙን ኩሽኔታ ከጥርሶቹ ሥር ወደ ውጭ ጫፍ አወጣው፤ ልክ እንደ ጋሪው። ዘንግ መስበር ከዚያ ወዲህ ብርቅ ሆነ። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ግን አሮጌው አሠራር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ አገራችን የሚገቡትም በብዛት እነዚያው ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ድንጋያማው መንገድና የሁለት ሰው ጭነት ያለው እኛ ጋ ነው።

ባለጋሪው ያደረሰኝ ከገበያው በታች ካለ ብስክሌትና ጋሪ አዳሽ ዘንድ ነው። ቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ተለቅ ያለ ሣጥን፣ ከላይ የተንጠለጠሉ ቸርኬዎችና ከላማዳሪያዎች። ጋሼ (ሁሉም እንዲሁ ነው የሚላቸው) ጎማውን ተቀብለው ገና ሳይፈቱት በጣታቸው አሽከረከሩትና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ዘንጉ ብቻ አይደለም። ኮኑም ተበልቷል» አሉ። ሲፈቱት የዘንጉ ቀኝ ቁራጭ በፍሪዊሉ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣና መሬት ወደቀ። ስብራቱ ላይ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ የሚያብለጨልጭ ነበር። ጋሼ ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ጥቁሩን አየኸው? ይኼ የዛሬ ስብራት አይደለም። ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ከርሟል። የዛሬው ይቺ የምታበራዋ ናት» አሉኝ። ከግራና ከቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ኳሶች ወጡ። ኮኑ ላይ ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር በትናንሽ ጉድጓዶች ተዥጎርጉሯል። ግሪሱ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ከቀይ አፈር ጋር ተለውሶ እንደ ዝፍት ሆኗል።

እንዲህ ያለ ግሪስ ሳይ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የካሊፎርኒያው ቁልቁለት ነው። የተራራ ብስክሌት በተወለደበት በማሪን አውራጃ፣ ታማልፓይስ ተራራ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 ወጣቶች አንድ ውድድር ጀመሩ። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 400 ሜትር ያህል የሚወርድ የአፈር ቁልቁለት ነው። ብስክሌቶቻቸው አሮጌ፣ ፔዳል ወደኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ሞዞው ውስጥ የተቀበረባቸው ነበሩ። ታች ሲደርሱ ሞዞው ከመጋሉ የተነሳ ግሪሱ ተቃጥሎ ይጨሳል። ሞዞውን ፈትቶ አዲስ ግሪስ ካልሞሉት ብስክሌቱ ለሚቀጥለው ዙር አይሆንም። ግሪስ እንደገና መሙላት ስላስፈለገ ቁልቁለቱን ሪፓክ አሉት፤ ዛሬም ስሙ እሱ ነው። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ ወጡ። ከዚያው አካባቢ ቻርሊ ከኒንግሃም የሚባል ብልህ ሠሪም ነበር፤ ለዚህ የግሪስ ችግር እስካሁን የሚያስቀናኝን መልስ ያገኘው እሱ ነው።

ዘዴው ግሪስ ጋርድ ይባላል። ሞዞው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የግሪስ መርፌ እዚያ ላይ ገጥመህ ስትጫን አዲሱ ግሪስ በኩሽኔታው ውስጠኛ በኩል ይገባና አሮጌውን ከነአፈሩ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ምንም አትፈታም። ጥቁሩ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ንጹሑ ሲከተል ታቆማለህ፤ በጨርቅ ትጠርጋለህ፤ አለቀ። ዊልደርነስ ትሬይል ባይክስ የሚለው የእነ ከኒንግሃም ድርጅት አሠራሩን ለጃፓኑ ሳንቱር ፈቀደና ኤክስ ሲ ፕሮ በሚባለው ዕቃው ላይ ወጣ። ሳንቱር ተዳክሞ ሲወድቅ ዘዴውም አብሮ ተረሳ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው እጃቸውን አቁመው ሰሙኝ። «የመኪና ኳስ መጋጠሚያ ላይ እንዳለችው የግሪስ ጡት ማለት ነው?» አሉ። አዎን አልኳቸው። «እና ማን ነው የተወው?» አሉኝ በቁጣ። ቁጣቸው ትክክል ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር ከዚህ የተሻለ ሞዞ አላውቅም።

የተቆረጠችው ራጂ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። የተቆረጠችው በጥርሶቹ በኩል ነው፤ አዲስ ለማስገባት ፍሪዊሉ መውረድ አለበት። ፍሪዊል ደግሞ በረገጥከው ቁጥር የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ለማውረድም ለየፋብሪካው የተለየ መፍቻ ይፈልጋል። ጋሼ ሣጥናቸውን ገለበጡ። ያላቸው መፍቻ ሁለት ጥርስ ነው፤ የእኔ ፍሪዊል ብዙ ጥርስ። ፈረንሳዮቹ ማክሲ ካር ለረጅም ጉዞ ብስክሌት በሠሩት ሞዞ ላይ ይህን ችግር አስቀድመው አስበውት ነበር፤ በጥርሶቹ በኩል ያለውን የራጂ ቀዳዳ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ አድርገው ከፈቱት። ራጂ ቢቆረጥ ፍሪዊሉን ሳትነካ አዲሷን በጎን አሾልከህ ታስገባለህ። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የታሰበ ነገር እንዲህ ነው።

ሌሎቹ ፈረንሳዮች፣ ማያር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሄሊኮማቲክ ብለው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ጥርሶቹ በጠመዝማዛ ጎድጎዳ ላይ ተንሸራተው ይገባሉ፣ አንድ ቀለበት ብቻ ይይዛቸዋል፣ መፍቻዋ ቀላል ናት፤ ጠርሙስ መክፈቻም ጭምር ነበረች። ሐሳቡ ያማረ ነው። ግን ለጠመዝማዛው ቦታ ሲባል የኩሽኔታውን ኳሶች አሳነሷቸውና ቶሎ ይበሉ ጀመር። ጥርሶቹም ሌላ ሞዞ ላይ የማይገቡ ስለሆኑ ፋብሪካው ሲያቆም ብስክሌቱም አብሮ ቆመ።

የእኔን ፍሪዊል ጋሼ በመዶሻና በመሮ ጥግ ጥጉን እየነኩ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ብረቱ መላጥ ሲጀምር «ይቅር፤ ሌላ ጉዳት እንዳንጨምር» አሉ። የቀሩትን ራጂዎች አጥብቀው ጎማውን አቃኑት። አንዲት ራጂ ጎድላ ሠላሳ አምስቱ ሥራውን ተካፈሉት።

ዘንጉ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ጋሼ ከሣጥኑ አንድ ድፍን ዘንግ አውጥተው የእኔን ኮን ሊገጥሙበት ሞከሩ። ዘንጉና ኮኑ ለዓይን አንድ ናቸው፤ በእጅ ሲይዙት ግን ኮኑ ዘንጉ ላይ ይንጓጓል። የእኔ ዘንግ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የጋሼ ዘንግ በኢንች የተለካ፣ ሦስት ስምንተኛ የሚሉት፣ 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ጥምዞቹም እንዲሁ ተቀራራቢ ናቸው፤ የአንዱ በአንድ ኢንች 26፣ የሌላው 25.4። ለዓይን አይለይም፤ ጭነት ሲመጣ ግን ጥምዙን ላጥ አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ወጣት ረዳታቸው «ጋሼ፣ በክር ጠቅልለን እናጥብቀው?» ቢላቸው «ሰው ይወጣበታል እኮ!» ብለው ገሠጹት።

ወዲያው ጓሮ ሄደው የአንድ ርካሽ የተራራ ብስክሌት ሬሳ ጎትተው መጡ። ዘንጉን ብቻ ሳይሆን ኮኖቹን፣ ዳዶዎቹንና ቀለበቶቹን ሁሉ በአንድነት ነቀሉ። ዘንጉ ከነቤተሰቡ ከገባ ጥምዝ ከጥምዝ አይጣላም። ኳሶቹን አዲስ አደረጉ፤ ቤቱን በነዳጅ አጥበው አደረቁት፤ ግሪሱን በጣታቸው አፍሰው ኳሶቹን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ደረደሯቸው። ከዚያ ኮኑን ያጠብቃሉ፣ ያሽከረክራሉ፣ ትንሽ ያላላሉ፣ እንደገና ያሽከረክራሉ። ጎማው እንዳይወዛወዝ፣ ግን እንዳይታሰርም፤ ያን መሐል በመሣሪያ ሳይሆን በጣት ስሜት ነው የሚያገኙት። በመጨረሻ ጎማውን አቁመው ለቀቁት። ቫልቩ ከብዶት ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ ወዲያ ወዲህ አለና ቆመ። «አሁን ተፈትቷል» አሉ።

ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠን ስለታሸጉት ሞዞዎች ተጫወትን። ፊል ዉድ እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታሸገ ኩሽኔታ ያለው ሞዞ ካወጣ ወዲህ ዓለም ወደዚያ ሄዷል። የስዊሶቹ ሁጊ በፍሪሐቡ ውስጥ ፊት ለፊት የሚጋጠሙ ሁለት ባለ ጥርስ ቀለበቶችን በሞላ እየገፋ ጉልበቱን ሁሉም ጥርሶች በአንዴ እንዲካፈሉት አደረገ። ክሪስ ኪንግ ደግሞ 72 ጥርስ ያለው ቀለበት ሠራ፤ ድምፁ እንደ ንብ ነው። ኑክ ፕሩፍ የሞዞውን አካል ከካርቦን ቱቦ ሠራው። ሁሉም ድንቅ ናቸው። ለእንጅባራ ይሆናሉ ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። የታሸገው ኩሽኔታ ሲያረጅ አይታደስም፤ ተነቅሎ ይጣላል፤ ስለዚህ እሳቸው ይጠሉታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን «ቁጥሩ ምን ይላል?» አሉኝ። «የተለመደ ቁጥር ከሆነ ሞተርና የውሃ ፓምፕ ከሚያድሱት ሱቅ ይገኛል። ቁጥሩ የፋብሪካው የብቻው ከሆነ ነው ሞት።» ከዚያ በፊት በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ሄሊኮማቲክን የገደለውም ይኸው ነው፤ መታሸግ አለመታሸጉ አይደለም።

ጨርሰው ጎማውን ሲያስሩልኝ በጎንና በጎን በትልልቅ ዳዶ ነው ያጠበቁት። የካምፓኞሎን ቀጭን ብረት በጨርቅ ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፤ ድፍን ዘንግ ውስጥ ስለማታልፍ ሥራዋ አልቋል። «ከእንግዲህ በእጅ አይፈታም። ጎማ ቢተነፍስብህ የ15 ቁልፍ ያስፈልግሃል። አለህ?» አሉኝ። የለኝም። ረዳታቸውን ከማዶ ሱቅ ላኩትና የ15 ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ሒሳቡን ከዘንጉ ጋር ደምረው ነገሩኝና ከፈልሁ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ዘንገና እንዴት ነው አላለኝም። «ብስክሌቱስ?» አለኝ። ዘንጉ እንደተቀየረ፣ አንዲት ራጂ እንደጎደለች፣ ፍሪዊሉን ለማውረድ ባለ ብዙ ጥርስ መፍቻ ከባሕር ዳር እንዲፈልግልኝ ነገርኩት። «ጥርባ ሳትደርስ እንዳትመለስ ታዲያ» አለኝ። ቁልፉን ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ አሥሬዋለሁ።